በእጅ የተሠሩ የጃፓን የቀለም ብዕሮች፦ ኡሩሺ፣ ማኪዬ እና ራደን ሲነጻጸሩ

በጃፓን ባህላዊ የእጅ ጥበብ የተሠራ የቀለም ብዕር ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሚቸገረው አማራጭ አጥቶ ሳይሆን፣ ዋጋቸው በአሥር እጥፍ የሚራራቅ ብዕሮች በፎቶግራፍ ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉት ነው። ሁለቱም ጥቁርና አብረቅራቂ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የወርቅ ዓሣ ወይም የቼሪ አበባ ይታያል። የአንዱ ሥዕል ግን በማተሚያ የወጣ ሲሆን፣ ሌላው አንድ ባለሙያ ለወራት የደከመበት ሥራ ነው። ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹን የአሠራር ዘዴዎች፣ ሠሪዎቹንና የመጻፊያ ጫፎቹን እያነጻጸርኩ፣ የትኛው ለየትኛው ገዢ እንደሚስማማ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። ብዕሩን በየቀኑ ሊጽፍበት ለሚፈልግና ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው፣ ምንም ሥዕል የሌለበት ንጹሕ የኡሩሺ ቅብ መካከለኛ ዋጋ ካለው ባለሥዕል ብዕር ይሻለዋል። ለምን እንዲህ እንደምል ግልጽ የሚሆነው ቅቡ ራሱ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው።

ኡሩሺ እና የቀለም ብዕር

ኡሩሺ በምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ዛፉ ለመቀዳት የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ካደገ በኋላ ሲሆን፣ ቅርፊቱ በስለት እየተጫረ በአንድ ወቅት የሚሰጠው ፈሳሽ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ በጃፓን ጥቅም ላይ የሚውለው ኡሩሺ እጅግ የሚበዛው ከቻይና የሚገባ ነው፤ ከአገር ውስጡ ምርት ደግሞ ዋናው የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በኢዋቴ ክፍለ ግዛት ካለው የጆቦጂ አካባቢ ነው።

ይህ ፈሳሽ እንደ ተራ ቫርኒሽ ተንኖ አይደርቅም። በውስጡ ያለው ላኬዝ የተባለ ኢንዛይም ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን እየታገዘ ኡሩሺዮል የተባለውን ዋና ንጥረ ነገር እርስ በርሱ አቆራኝቶ ያጠነክረዋል፤ ይህም እንዲሆን ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ይፈልጋል። ስለዚህ የተቀባው ብዕር የአየር እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚጠበቅበት፣ ሙሮ በሚባል ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ስስ ንብብር ሲጠነክር በከሰል ይሞረዳል፤ ከዚያ ሌላ ይደረብበታል፤ እንደገና ሙሮ ውስጥ ይገባል። በደንብ የተሠራ ብዕር በዚህ መንገድ በአሥሮች የሚቆጠሩ የሥራ ደረጃዎችን ያልፋል። ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ወርቁ ሳይሆን ይህ ጊዜና በየመካከሉ የሚጠይቀው የሰው እጅ ነው።

ኡሩሺ ወደ ቀለም ብዕር የገባው ለጌጥ ተብሎ ብቻ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብዙ ብዕሮች የሚሠሩት ከኢቦናይት፣ ማለትም በብዙ ድኝ ከጠነከረ ጎማ ነበር፤ ኢቦናይት ደግሞ ብርሃን ሲመታው ጥቁረቱን እያጣ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ሪዮሱኬ ናሚኪ እና ማሳኦ ዋዳ በ1918 ያቋቋሙት፣ ዛሬ ፓይለት በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት፣ በ1925 ኢቦናይትን በኡሩሺ እየሸፈነ ቀለሙን የሚጠብቅ ላካናይት የተባለ ዘዴ አወጣ። መሸፈኛው ካለ በላዩ ላይ ባህላዊውን የወርቅ ሥዕል መሥራት የሚቀጥለው እርምጃ ነበር። በኋላ በጃፓን መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ የተሰየመው ጎንሮኩ ማትሱዳ በዚህ ሥራ ተሳትፏል፤ በ1930 ከእንግሊዙ የቅንጦት ዕቃዎች ድርጅት ከደንሂል ጋር በተደረገ ስምምነትም ብዕሮቹ በአውሮፓ ገበያ ታወቁ። በ1931 የተመሠረተው ኮክኮካይ የተባለ የባለሙያዎች ማኅበር ዛሬም ፓይለት ናሚኪ በሚል መለያ ስም የሚያወጣቸውን የእጅ ሥራዎች ይሠራል።

ሥዕል የሌላቸው ቅቦች

ንጹሕ ኡሩሺ ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሮይሮ የሚባለው አጨራረስ ተሞርዶና ተወልውሎ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነው፤ በጥቁር ቀለም ሲሠራ ጥልቀቱ ከየትኛውም ፕላስቲክ ጋር አይወዳደርም፤ የጣት አሻራና ጥቃቅን ጭረት ግን ቶሎ ያሳያል። ታሜኑሪ ደግሞ ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ከሥር ተቀብቶ፣ በላዩ ብርሃን አሳላፊ የሆነ ቡናማ ኡሩሺ የሚደረብበት ዘዴ ነው። ላይኛው ንብብር በክዳኑ ጠርዝና በሹል ማዕዘኖች ላይ ስለሚሳሳ የታችኛው ቀለም እዚያ እንደ ፍም ብቅ ይላል። ኡሩሺ ዓመታት ባለፉ ቁጥር አሳላፊነቱ እየጨመረ ስለሚሄድ የታሜኑሪ ብዕር በባለቤቱ እጅ ቀስ በቀስ እየደመቀ ይመጣል። ከሁሉም አማራጮች ለዕለት ሥራ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ።

ኢሺሜ የድንጋይ ገጽ የሚመስል ሸካራ አጨራረስ ነው፤ ጭረት አያሳይም፣ ላብ ካለው እጅም አይንሸራተትም። ብዕር ከቁልፍና ከስልክ ጋር ቦርሳ ውስጥ ለሚጥል ሰው ከሮይሮ ይልቅ ይህ ይስማማዋል። ኔጎሮ ደግሞ ቀይ በጥቁር ላይ ተደርቦ፣ በአጠቃቀም ያለቀ እንዲመስል ቀዩ በየቦታው የሚሳሳበት ነው፤ በዚህ አጨራረስ ላይ እውነተኛው መበላት እንደ ጉድለት ስለማይታይ ለብርቱ አጠቃቀም ምቹ ነው።

ወርቅና ዛጎል፦ ባለሥዕሎቹ

ማኪዬ ባልጠነከረ ኡሩሺ ሥዕል ተሥሎ፣ ከመጠንከሩ በፊት የወርቅ ወይም የብር ዱቄት የሚነሰነስበት ጥበብ ነው። በውስጡ የሚለያዩ ደረጃዎች አሉ፤ ሻጮች ሁሉንም በአንድ ስም ስለሚጠሯቸው ገዢው ልዩነታቸውን ማወቅ ይኖርበታል።

ሂራ ማኪዬ በወለሉ ላይ በስሱ የሚሠራ ሥዕል ሲሆን፣ ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ቶጊዳሺ ማኪዬ ላይ ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ መላው ገጽ እንደገና በኡሩሺ ይሸፈናል፤ ከዚያ ባለሙያው ሥዕሉ እስኪገለጥ ድረስ በከሰል ይሞርደዋል። በዚህ ዘዴ ወርቁና ወለሉ እኩል ስለሚሆኑ ጣት ልዩነት አይሰማውም፤ ሥዕሉም ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ይመስላል። ታካ ማኪዬ በተቃራኒው ሥዕሉ በከሰል ወይም በቆርቆሮ ዱቄትና በኡሩሺ ከፍ ተደርጎ ከወለሉ በላይ ይቆማል። ሺሺአይ ቶጊዳሺ የሁለቱ ጥምረት ሲሆን፣ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ክፍል ያለ ስፌት እንዲያያዝ ስለሚሞረድ ከሁሉም ይከብዳል፤ በጣም ውድ በሆኑት ሥራዎች ላይ የሚታየውም ይኸው ነው።

ለሚጽፍ ሰው ከነዚህ መካከል ቶጊዳሺ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ታካ ማኪዬ ለዓይን ግርማ ቢኖረውም ከፍ ያሉት ክፍሎች መጀመሪያ የሚታሹ ናቸው፤ ክዳኑ በእጅ በተጠመዘዘ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ጣት ያርፋል። በቶጊዳሺ ወርቁ በኡሩሺ ውስጥ ስለታቀፈ ለአሥርተ ዓመታት አጠቃቀም ይበልጥ የተጠበቀ ነው። ሂራ ማኪዬም ቢሆን በጥንቃቄ ከተያዘ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ራደን ከባሕር ቀንድ አውጣ ዓይነቶች የሚገኘውን የዛጎል አብረቅራቂ ውስጣዊ ሽፋን በስሱ ቆርጦ በኡሩሺ ውስጥ መትከል ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ነጸብራቁ ከወርቅ ጋር አይመሳሰልም፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተቀናጅተው ይሠራሉ። ቁራጮቹ ጥቃቅንና ብዙ ሲሆኑ የሥራው ጥራት የሚታየው በመካከላቸው ያለው ክፍተት እኩል በመሆኑ ነው። ቺንኪን ደግሞ ከማኪዬ ፈጽሞ የተለየ መንገድ ይከተላል፦ በጠነከረው ኡሩሺ ላይ በመቅረጫ ጥቃቅን መስመሮችና ነጥቦች ይቀረጹና በውስጣቸው ወርቅ ይሞላል። የተሳሳተ ጭረት መመለሻ ስለሌለው ባለሙያው እርግጠኛ እጅ ሊኖረው ይገባል። የአንበሳ ጎፈርን ወይም የወፍ ላባን የመሰለ ቀጭን መስመር ለሚወድ ገዢ ከማኪዬ ይልቅ ቺንኪን ያረካዋል።

የቺንኪን ስመ ጥር ማዕከል በኢሺካዋ ክፍለ ግዛት ያለችው የዋጂማ ከተማ ናት። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በኖቶ ልሳነ ምድር የደረሰው ርዕደ መሬትና ያስከተለው የእሳት ቃጠሎ በዚህች ከተማ የብዙ የኡሩሺ ባለሙያዎችን የሥራ ቤት አውድሟል። ከዋጂማ የእጅ ሥራ የሚያዝ ሰው መዘግየት ቢገጥመው በትዕግሥት ሊጠብቅ ይገባል፤ ትዕዛዙ ራሱ ለሙያው መቀጠል እውነተኛ ድጋፍ ነውና።

በእጅ የተሠራውን ከታተመው መለየት

ገዢዎች ገንዘባቸውን በብዛት የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። በገበያው ኪንዳይ ማኪዬ የሚባል፣ ትርጉሙም ዘመናዊ ማኪዬ የሆነ ዓይነት አለ፤ ሥዕሉ በስክሪን ህትመት የሚቀመጥ ሲሆን ሥዕሉ የሚያርፍበት ብዕርም ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ይህ በስሙ እየተጠራ በተመጣጣኝ ዋጋ ሲሸጥ ነውር የለበትም፤ ለስጦታም ያምራል። ጥፋቱ የሚመጣው ሻጩ ዘመናዊ የሚለውን ቃል ትቶ ማኪዬ ብቻ ብሎ፣ የእጅ ሥራ ዋጋ ሲጠይቅበት ነው። ከሥሩ ያለው ቅብም እንዲሁ መጠየቅ አለበት፤ ከካሹ ለውዝ ልጣጭ ዘይት የሚሠራና ካሹ የሚባል ቅብ፣ ወይም ፖሊዩሪቴን የተባለ ሰው ሠራሽ ቅብ፣ ኡሩሺን በመልክ ሊመስሉ ይችላሉ።

በማጉያ መነጽር ሲታይ የህትመት ሥዕል ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው፤ አንዳንዴም እኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ይታዩበታል። በእጅ የተሠራው መስመር ሲጀምር ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ሞላ ያለ፣ ሲያልቅ ደግሞ የሚሾል ነው፤ የወርቁ ዱቄትም በአንድ በኩል ጠበቅ ብሎ ወደ ሌላው እየሳሳ ይሄዳል። የአንድ ሞዴል ሁለት ብዕሮች ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ከተገኘ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ የሁለቱ ዓሦች ቅርፊት አንድ በአንድ ከገጠመ ሰው አልሣላቸውም። በናሚኪ የእጅ ሥራዎች ላይ የሠዓሊው ፊርማና የኮክኮካይ ስም በብዕሩ ላይ ይገኛሉ። ሌሎች ሠሪዎችም ብዙ ጊዜ ፊርማ ያኖራሉ፤ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ሆኖ የሠዓሊው ስም ከሌለበት ምክንያቱን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ሠሪዎቹ

ከላይ ያልኩት ናሚኪ የፓይለት የእጅ ጥበብ መለያ ስም ነው። በማኪዬ ጥራትና በሰነድ አያያዝ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ትልቁ ብዕር ኤምፐረር ሲሆን፣ ጫፉ ቁጥር 50 የሚባል ግዙፍ የ18 ካራት ወርቅ ነው። ዩካሪ በመጠኑም በዋጋውም ዝቅ ይላል። ፓይለት በራሱ ስም የሚያወጣው ካስተም 845 ግን ለብዙ ሰው የተሻለ መግቢያ ይመስለኛል፤ ኢቦናይት ላይ የተቀባ እውነተኛ ኡሩሺ ሆኖ፣ ቅርጹ ተራ የቢሮ ብዕር ስለሚመስል ስብሰባ ላይ ዓይን አይስብም። ታላቅ ወንድሙ ካስተም ኡሩሺ ደግሞ ቁጥር 30 የሚባል ለስላሳና ትልቅ ጫፍ አለው፤ ስለ መጻፍ ስሜት ብቻ ከሆነ ንግግሩ፣ ከማውቃቸው ሁሉ የሚደነቅ ጫፍ ነው።

ናካያ ፕላቲነም በተባለው የጃፓን የብዕር ድርጅት ውስጥ በሠሩ አንጋፋ ባለሙያዎች በ1999 የተመሠረተ አነስተኛ የቶኪዮ ድርጅት ነው። አካሉ ከኢቦናይት በቶርኖ ይወጣል፣ የዋጂማ ባለሙያዎች ይቀቡታል፣ ጫፉ ደግሞ የፕላቲነም የ14 ካራት ወርቅ ነው። ገዢው እጁ እንዴት እንደሚይዝ፣ ምን ያህል እንደሚጫንና ብዕሩን እንዴት እንደሚያዘነብል በጽሑፍ ይጠየቅና ጫፉ በዚያ መሠረት ይስተካከላል። ታሜኑሪን ለሚወድ ሰው ከናካያ የተሻለ ምርጫ አላውቅም፤ ትዕዛዙ ግን ወራት ይወስዳል። ክሊፕ የሌላቸው ሞዴሎችም ስላሉ ደረት ኪሱ ውስጥ ለሚሰካ ሰው ባለክሊፑን ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሴይለር በ1911 በሂሮሺማ ክፍለ ግዛት በኩሬ ከተማ የተመሠረተ ነው። ኪንግ ኦፍ ፔን የተባለው ትልቁ ብዕሩ በ21 ካራት ጫፉ የታወቀ ሲሆን፣ ከፓይለቱ ልስላሴ ይልቅ ወረቀቱን በእርጋታ የሚነካ፣ እንደ እርሳስ የሚታወቅ ስሜት ይሰጣል።

ቀለም አያያዝና ክብደት

አብዛኞቹ ብዕሮች በካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ በሚሸጥ ትንሽ ቱቦ፣ ወይም በኮንቨርተር፣ ማለትም ከጠርሙስ ቀለም በሚስብ ተነቃይ መሙያ፣ ይሞላሉ፤ ይህ ለማጠብም ቀለም ለመቀያየርም ቀላል ነው። ኤምፐረር ግን ቀለሙን በጠብታ በቀጥታ ወደ ቀፎው የሚቀበል ሲሆን፣ ከኮንቨርተር ብዙ እጥፍ ይይዛል። በቀፎው ውስጥ ያለ ዘንግ በጅራቱ ሲጠመዘዝ የቀለሙን መተላለፊያ ይዘጋዋል። በአውሮፕላን የሚመላለስ ሰው መተላለፊያውን ዘግቶ መብረር አለበት፤ በግማሽ የተሞላ ቀፎ ውስጥ ያለው አየር ሲሰፋ ቀለሙን ይገፋዋልና። ረዘም ላለ ጊዜ ሲጽፉ ደግሞ ጅራቱን በጥቂቱ መክፈት ይገባል፤ አለበለዚያ ቀለሙ መሐል ላይ ይቋረጣል።

ኢቦናይት ቀላል ነው። ዩካሪን የመሰሉት ግን ከናስ ስለሚሠሩ ይከብዳሉ፤ ረጅም ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያጣራ በሥዕሉ ብቻ መወሰን የለበትም።

ጫፍና የግዕዝ ፊደል

የጃፓን ጫፎች ከአውሮፓዎቹ በአንድ ደረጃ ይቀጥናሉ፤ ኤፍ (ቀጭን) የሚል ምልክት ያለበት የጃፓን ጫፍ ከብዙ የአውሮፓ ኢኤፍ (እጅግ ቀጭን) ጋር ይቀራረባል። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በደቃቅ የእጅ ጽሕፈት ቤ ላይ ያለችው ቀለበት በቀለም ከተሞላች ቢ ትመስላለች፤ ሬ እና ሌ ላይም ያው ነው። መስመሩ ጠባብ በሆነ ደብተር ላይ ለሚጽፍ ሰው ኤፍ ወይም በቀጭንና በመካከለኛ መካከል ያለውን ኤፍኤም እመክራለሁ፤ ከፕላቲነም ወገን ከዚያም የቀጠኑ አሉ። ግዙፎቹ የፓይለት ጫፎች ግን እጅግ በቀጭን አይቀርቡም፤ ካስተም ኡሩሺ የሚገኘው ከኤፍኤም ጀምሮ ነው።

ቁም ጽሕፈት ለሚለማመዱ ሌላ አማራጭ አለ። በመቃ ብዕር የተጻፈ የብራና ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው፤ የሙዚቃ ኖታ ለመጻፍ የተሠራው፣ በናካያና በፕላቲነም የሚገኘው ባለሁለት ስንጥቅ ጫፍ ይህንኑ ባሕርይ ይሰጣል። ፊደሉን ከፍ አድርጎ ለሚጽፍ ሰው ውጤቱ በጣም ያረካል፤ ለተራ ማስታወሻ ግን ወፍራም ነው።

ፀሐይ፣ ድርቀትና ቆዳ

የጠነከረ ኡሩሺ ውኃን፣ አልኮልንና አሲድን የሚቋቋም ቢሆንም የፀሐይ ብርሃን ያደበዝዘዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሰው ብዕሩን በመስኮት አጠገብ ወይም በመኪና ውስጥ መተው የለበትም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሙቀቱ ተጨምሮ አደጋው ይበረታል። ከእንጨት የተሠራ አካል ያለው ብዕር በደረቅ አየር ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለእነዚህ ቦታዎች የኢቦናይቱ ይመረጣል። ለማጠብ ተራ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃል፤ የሚነከረውም ጫፉ እንጂ አካሉ አይደለም፤ ሙቅ ውኃ ኢቦናይትን ያበላሻልና።

ኡሩሺዮል ያልጠነከረ ሲሆን ቆዳ ያሳክካል። የተጠናቀቀ ብዕር በተለምዶ ጉዳት ባያስከትልም፣ የማንጎ ልጣጭ ሲነካቸው ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች ዛፎቹ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አውቀው፣ አዲስ የተቀባ ብዕር ሲደርሳቸው ለጥቂት ሳምንታት ነፋሻና ጨለማ ቦታ ቢያስቀምጡት መልካም ነው።

በበጀት መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ካስተም 845ን ወይም የናካያን ቀላል ታሜኑሪ ቢይዝ አይቆጭም፤ ኡሩሺንም ጥሩ ጫፍንም ያገኛል። ሥዕል የግድ የሚፈልግና በጀቱ መካከለኛ የሆነ ሰው መላ ገጽን ከሚሸፍን የታተመ ሥዕል ይልቅ በንጹሕ ኡሩሺ ላይ በእጅ የተሠራች አንዲት ትንሽ ሂራ ማኪዬ ይምረጥ፤ አንዲት የውኃ ተርብ ወይም አንድ ቅጠል ብቻ ያለበትን ናካያ ማሠራት ይቻላል። ብዙ ሺህ ዶላር ማውጣት የሚችል ሰው ደግሞ ከታካ ማኪዬው ግርማ በፊት የቶጊዳሺውን ሥራ በእጁ ይዞ እንዲያይ እለምነዋለሁ።

ያገለገለ ብዕር መግዛት ዋጋውን በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን በክዳኑ አፍና በጥምዝ መግጠሚያው ላይ ኡሩሺው እንዳልተሰነጠቀ የሚያሳይ ቅርብ ፎቶግራፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው እዚያ ነው። የተላጠ ኡሩሺ እንደገና ሊቀባ ይችላል፤ ሆኖም ሥዕሉ ከተነካ ጥገናውን መስጠት ያለበት ለሠራው ቤት ነው፤ ስለዚህ ፊርማው የሚነበብና የሠሪው ድርጅት እስካሁን በሥራ ላይ ያለ ብዕር ይመረጣል። የፓውሎኒያ እንጨት ሣጥኑ አብሮት ካለና ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ከብዕሩ ፊርማ ጋር ከገጠመ፣ ለእርሱ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው።